ማርስ በአምስት ዲግሪ ዘገየች

ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ጊዜ ሞልቶታል፤ የሚያጣው የሚያርመውን ሰው ነው። የዚህ ታሪክ መምህርም አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም ኖሮ ቤት ሲውል፣ የጋዜጣ ስህተት እያረመ፣ የመንገድ ሰሌዳ እያረመ፣ የሚስቱን የገበያ ዝርዝር ሳይቀር እያረመ ሰፈሩን አስመርሮ ነበር። ስለዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደውላ «በትልቁ አዳራሽ ወለል ላይ የማርስን መንገድ ልናሠራ ነው፤ ስሌቱን እርስዎ ይያዙልን» ስትለው፣ ከእሱ ይልቅ ሚስቱ ደስ አላት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ የፀሐይ ምሰሶ ይተከላል፤ በዙሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት ሜትር የሆነ ሞላላ የነሐስ ሀዲድ ይዘረጋል፤ ሀዲዱ ላይ ስልሳ ዘጠኝ ቀዳዳ ይበሳል። ማርስ ፀሐይን አንዴ ለመዞር ስድስት መቶ ሰማንያ ሰባት ቀን ይፈጅባታል። በየአሥር ቀኑ አንድ ሠራተኛ ቀይዋን ኳስ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ የሚቀጥለው ላይ ይተክላል፤ መጽሐፍ ሊዋስ የመጣ ሰው ሁሉ ማርስ ዛሬ የት እንዳለች አይቶ ይሄዳል።

ነሐሱን የሚሠራው ሰው ሩቅ አልነበረም፤ የመምህሩ የታናሽ እህት ባል ነው። ሰው ሁሉ «ሚሊ» ይለዋል፤ ሚሊሜትር ለማለት ነው። በር ሲገጥም አንዲት ሚሊሜትር ከዘመመችበት ነቅሎ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ደንበኛው «ይሁን፣ ግድ የለም» ቢለው «ለእርስዎ የለም፣ ለኔ ግን አለ» ይላል። ትምህርቱን ያቋረጠው ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ለተማረ ሰው ያለው አክብሮት ልክ የለውም። በተለይ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው መምህሩ ያለው ነገር ለእሱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ማለት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማዕዘን ትንሽ ማውራት ግድ ነው፤ አይሰልቻችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚሁ ላይ ነውና። ፀሐይ የሞላላው መንገድ መሃል ላይ አይደለችም፤ ወደ አንዱ ጫፍ ፈቀቅ ብላለች፤ በአዳራሹ ልክ ሁለት ስንዝር ያህል። ማርስ ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትሮጣለች፣ ስትርቅ ትንቀራፈፋለች። ስለዚህ ቦታዋን ለማግኘት በሦስት ማዕዘን ማለፍ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የውሸት ነው፤ ማርስ ዓመቱን ሙሉ በእኩል እርምጃ ብትሄድ ኖሮ የት ትደርስ ነበር የሚል ሲሆን፣ ቀኑን ከማካፈል አያልፍም። ሁለተኛው ከሞላላው መሃል ላይ ሆኖ የሚለካ ነው፤ ራስ የሚያዞረው ይህኛው ነው፤ ገምቶ፣ ሞክሮ፣ አርሞ፣ እንደገና ሞክሮ ካልሆነ አይገኝም። ሦስተኛው እውነተኛው ማዕዘን ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ማርስን ሲያያት የሚለካው። ሁለተኛውን ላገኘ ሰው ሦስተኛው የአንድ መስመር ሥራ ነው።

መምህሩ ሁለተኛውን ማዕዘን ለስልሳ ዘጠኙም ቀዳዳ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ በእጁ ሠራው። ልጆቹ ኮምፒውተር በደቂቃ ይሠራልሃል ቢሉት ተቆጣ። ሦስተኛውን አልሠራም፤ ምክንያቱም አላስፈለገውም። ሚሊ ሞላላው መሃል ላይ ምስማር መትቶ ከዚያ ከለካ፣ ቀዳዳው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል። ዕቅዱ ይኸው ነበር። ምስማሩም ተመታ፣ ሰንጠረዡም በንጹሕ ወረቀት ተገልብጦ ለሚሊ ተሰጠ። ቁጥሮቹ ከየት ተነስተው እንደሚለኩ ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

የመብሳቱ ዕለት ኃላፊዋ ሁለት እንግዶች ይዛ መጣች። መምህሩ ከጡረታ ወዲህ ሰሚ አግኝቶ አያውቅም፤ ስለ ሰማይ ሲያወራ ወሬው ጣፈጠው፣ እጁን ያወናጭፍ ጀመር። ሚሊ በበኩሉ ራሱ የሠራውን የመለኪያ ክንድ ይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ክንዱ ረጅም ቀጭን ብረት ነው፤ አንዱ ጫፉ ይተከልና ሌላው ሀዲዱ ላይ እየዞረ ዲግሪውን ያሳያል። ሚሊ ምስማሩን አየ፣ ምሰሶውን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

«ጋሼ» አለ ቀና ብሎ። «ይቅርታ፣ ክንዱን የቱ ላይ ልትከለው? ምስማሩ ላይ ነው ወይስ ፀሐይዋ ላይ?»

ወሬው የተቋረጠበት መምህር ዞር እንኳ አላለም። «አንተ ደግሞ! ማርስ የምትዞረው ማንን ነው? ምስማር ነው እንዴ የምትዞረው? ከፀሐይ ነዋ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ሚሊም «እሱስ ልክ ነው» ብሎ አብሯቸው ሳቀና ክንዱን ፀሐይዋ ላይ ተከለ። መምህሩ ወደ ወሬው ተመለሰ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ምርቃቱ ማርስ ለፀሐይ በጣም በቀረበችበት ቀን ሆነ። በዚያ ቦታ ሦስቱም ማዕዘኖች ዜሮ ናቸው፤ ከየትም ብትለካ ልክ ነህ። ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶግራፍ ተነሱ። ከአሥር ቀን በኋላ ኳሷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ቀረች፤ ማን ያያል? ከሃያ ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት ጣት። መምህሩ በየሳምንቱ እየመጣ ሀዲዱን ይዞራል፤ የማያውቀውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ያስረዳል።

በአምስተኛው ወር የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ጸሐፊ አዳራሹን ልታይ መጣች። ሴትዮዋ ፋርማሲስት ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ መድኃኒት ስትመዝን የኖረች ናትና ነገር በግምት አታልፍም። ከቦርሳዋ የዓመቱን የፕላኔቶች ሰንጠረዥ አውጥታ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ሞላች። ኃላፊዋም በማግስቱ መምህሩን፣ ሚሊንና ፋርማሲስቷን ቢሮዋ ጠራቻቸው።

«ማርስ አምስት ዲግሪ ወደ ኋላ ቀርታለች» አለች ፋርማሲስቷ። «አንድ ሙሉ ቀዳዳ ማለት ነው። የሚገርመው ሲጀመር ልክ ነበረች አሉ፤ ቀስ በቀስ ነው የቀረችው።»

«እንግዲህ ስሌቱ ነው ወይስ አበሳሱ?» አለች ኃላፊዋ። ቁጣ የለባትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

መምህሩ አምስት የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ነገሩ ገባው። ከዜሮ ተነስቶ በአምስት ወር ውስጥ አምስት ዲግሪ የሚደርስ፣ በአሥራ አንደኛው ወር ደግሞ ተመልሶ ዜሮ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ማዕዘን ልዩነት። ከምስማሩ የሚለካው ቁጥር ከፀሐይ ተለክቷል። ማን እንዳስለካውም ትዝ አለው፤ የራሱ ድምፅ፣ የእንግዶቹ ሳቅ፣ የሚሊ «እሱስ ልክ ነው»። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የተማሪውን ስህተት አርባ ዓመት በሰው ፊት ሲናገር የኖረ አፍ፣ የራሱ ሲሆን ተሳሰረ። ቀጥሎ የተፈታው ደግሞ ባልተጠበቀ በኩል ነው።

«ስሌቱን ሦስት ጊዜ አረጋግጬዋለሁ» አለ። ይህ እውነት ነበር። «እንግዲህ... ሲበሳ ክንዱ ትንሽ ተንሸራቶ ይሆናል። ዓይንም ይደክማል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሚሊ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለጥቂት ጊዜ ተመለከታቸው።

«ይሆናል» አለ። «ጋሼ በቁጥር አይሳሳቱም። እኔ ነኝ ማለት ነው። እንደገና ለክቼ የተበላሸውን አወጣዋለሁ።»

መምህሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ለራሱ ብዙ ነገር ቃል ገባ። ዛሬ እደውልለታለሁ አለ። ከዚያ፣ በስልክ አይሆንም፣ ሄጄ ነው አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ስድስት ወር ብታገስ ኳሷ ራሷ ልክ ቦታዋ ላይ ትደርሳለች፣ ያኔ ወሬው ይበርዳል አለ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የስሌት ችሎታውን ተጠቅሞ የመጣ በመሆኑ ከሁሉም ይበልጥ አሳፈረው፤ ግን አልጣለውም።

ሚሊ በየጠዋቱ ቤተ መጻሕፍቱ ከመከፈቱ በፊት እየመጣ ይለካ ጀመር። ክንዱን እዚያው ፀሐይዋ ላይ ተክሎ፣ ሰንጠረዡን ጎኑ ዘርግቶ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ይዞራል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሰንጠረዡ ያለው ቦታ ላይ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያው ሰንጠረዡ ነው የተሳሳተው» ይል ነበር። ሚሊ ግን የጋሼን ወረቀት ከመጠርጠር የራሱን ዓይን መጠርጠር ቀለለው። መጀመሪያ ስበሳ የዋሸኝ ዓይን ስለካም ይዋሸኛል ብሎ ደመደመ። አጉሊ መነጽር ገዝቶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።

አንድ ቀን መምህሩ መጽሐፍ የሚመልስ መስሎ ገባና ከመደርደሪያ ጀርባ ቆመ። ሚሊ በጉልበቱ እየሄደ «ሠላሳ ሰባት... ሠላሳ ሰባት ነው? ሠላሳ ሰባት ነው» ይላል፤ ይጽፋል፤ መልሶ ይሰርዛል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። መምህሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አየው። ሦስት እርምጃ ወደፊት ቢራመድ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አጠገቡ ካለው መደርደሪያ እጁ የገባውን መጽሐፍ ስቦ፣ አስመዝግቦ ወጣ። ቤቱ ደርሶ ሲያየው ስለ ንብ እርባታ ነው። በራሱ ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። የሌባ ስሜት ነው የተሰማው፤ ለዚያውም ከቤተሰቡ የሰረቀ ሌባ።

በሦስተኛው ሳምንት እህቱ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ሰውዬ ሊያሳብደኝ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ዓይኔ ጠፋ ብሎ አረፈው! ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ መርምረው ደህና ነህ አሉት። ወጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሐኪሙ ራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል አለኝ።»

መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እህቱ ግን አልሳቀችም።

«ትናንት የጓዳችን በር ቁልፍ ተበላሸ። የአገሩን በር ሲሠራ የኖረ ሰውዬ፣ ለዚህች ሌላ ሠራተኛ ጠራ! አጠገቡ ቆሞ መብራት ሲይዝለት አየሁት። መብራት! እኔ ገብቼ አለቀስኩ።» አፍንጫዋን ጠራረገች። «ወርክሾፑን ልዘጋ ነው ይላል። ትንሿን መሰርሰሪያም ለሰው ቃል ገብቷል። እና አንተን ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ምን ላድርግ?»

«አንተ ንገረው። በቃህ፣ ዕድሜህ ነው፣ እጅህን ሰብስብ በለው። ሌላ ሰው ቢለው ይሞታል፤ ከአንተ ከሰማው ግን አይከፋውም። አንተን እንደሆነ እንደ አባት ነው የሚያይህ።»

«እሺ» አለ መምህሩ።

እህቱ ጉንጩን ስማው ወጣች። እሱ በሩን ዘግቶ እዚያው ቆመ። ያቺ እሺ ከቢሮው ውሸት የባሰች ነበረች፤ የቢሮውን ደንግጦ ተናግሮት ነው፤ ይህችን ግን እህቱን ዓይን ዓይኗን እያየ ነው ያላት። ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነጭ ወረቀት አወጣና ሦስተኛውን ማዕዘን ለስልሳ ዘጠኙም ቀዳዳ ሠራው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰው። ያን ቀን አልሠራም ያለው ነገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሲደርስ ሚሊ ብቻውን አልነበረም። ኃላፊዋንና ፋርማሲስቷን ጠርቶ ሦስቱም ሀዲዱ አጠገብ ቆመዋል። መሣሪያዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አላውቅበትም» ይላል ሚሊ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ለካሁት፤ ስህተቱን ማየት አልቻልኩም። የማያይ ሰው ደግሞ መብሳት የለበትም። ሌላ ባለሙያ ፈልጉለት፤ የነሐሱን ኪሳራ እኔ እችላለሁ።»

«ኧረ ኪሳራው ይቆየን» አለች ኃላፊዋ፤ ያሳዘናት ይመስላል። ያኔ መምህሩን አየችው። «እንኳን መጡ መምህር፤ እስቲ ይምከሩት።»

መምህሩ እንዲመክረው የተጠየቀው ይህ ሁለተኛ ጊዜው ነው።

«አበሳሱ ልክ ነው» አለ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኸ። «ስልሳ ዘጠኙም ቀዳዳ ልክ ነው። ስህተቱ የኔ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ከመሃል የሚለካው ማዕዘን ነው፤ እኔ ከፀሐይ ለካ አልኩት። እሱ ደግሞ ጠይቆኝ ነበር። ምስማሩ ላይ ነው ወይስ ፀሐይዋ ላይ ብሎ ጠይቆኝ፣ በሰው ፊት አሹፌበት ነው የመለስኩት። ይኸው፣ ትክክለኛው ሰንጠረዥ።»

ፋርማሲስቷ ቀድማ «አ-ሃ!» አለች፤ የምታውቀው ነገር ነውና ፊቷ በራ። «ለካ የሁለቱ ልዩነት ነው! እኔ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ኃላፊዋ። «መምህር፣ ስንቱ ሰው ነው በዚህ ዕድሜው በሰው ፊት ተሳሳትኩ የሚለው? ኮራሁብዎ።» ወደ ሚሊ ዞረች። «ሰሙ? ዓይንዎ ደህና ነው! ሦስት ሳምንት በከንቱ ተጨነቁ።»

ሁለቱ ሴቶች ኮምፒውተር ላይ ሊያረጋግጡት እየተጨዋወቱ ወደ ቢሮ ሄዱ። መምህሩም ምን ይዋሽ፣ ሙገሳው ሞቀው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ጠራልኝ ብሎ አሰበ። ከዚያ ሚሊን አየው። ሚሊ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«መቼ ነው ያወቁት፣ ጋሼ?»

መምህሩ የሚመልሰው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ትናንት። ትናንት ነው ቁጭ ብሎ የሠራው፤ ወረቀቱ እጁ ላይ ነው፤ ቀኑም ተጽፎበታል። ትናንት ቢል በዚህ ምድር ላይ ውሸት ነው የሚለው ሰው አልነበረም። እህቱም ወንድሜ ባሌን አዳነው ትል ነበር።

«ቢሮው ውስጥ» አለ። «ሴትዮዋ አምስት ዲግሪ ስትል። አንተ ከመናገርህ በፊት።»

የሚሊ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ቀን የሚቆጥር ይመስል ነበር።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ልጄ ጋ ደወልኩ። ክፍለ አገር ሥራ ይዛለች አይደል። አባትሽ ከእንግዲህ ሠርቶ አይበላም አልኳት። እኔ አለሁልህ አባዬ ብላ አለቀሰች። ያን ቀን እንኳ ቢደውሉልኝ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ይቅር በለኝ» አለ መምህሩ።

ሚሊ ጎንበስ ብሎ መሣሪያውን ከጨርቁ ይፈታ ጀመር። መምህሩ አዲሱን ሰንጠረዥ ዘረጋለት፤ ወረቀቱ በመሃላቸው ቆየ፤ አልተቀበለውም።

«ለኃላፊዋ ይስጧት» አለ ሚሊ ቀና ሳይል። «እኔ ከእሷ እቀበላለሁ።»

በዚህ መሃል ፋርማሲስቷ ከቢሮ ወጥታ እየፈጠነች መጣች። «ልክ ነው! እስከ ነጥቡ ልክ ነው!» ብላ የመምህሩን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው። «እንደ እርስዎ ያለ ሐቀኛ ሰው አሁን የት ይገኛል?» እያለች እጁን ትነቀንቀዋለች። ሚሊ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነሐሱን ይወለውላል፤ ሁሉንም ይሰማል። መምህሩ እጁን ከእጇ ሊያስለቅቅ ፈለገ፤ ግን እንዴት ተደርጎ እንደሚለቀቅ ጠፋው።